ቀጠሮ ሲሰረዝ፦ ከባሕር ዳር ክሊኒኮች ሪሴፕሽን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ ስልክ ለሚያነሱት ነው። ካርድ ክፍል ለምትቀመጡ፣ ሪሴፕሽን ላይ ላላችሁ፣ በትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ነርስም ገንዘብ ተቀባይም ስልክ አንሺም ሆናችሁ ለምትውሉ። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ዓመታት ተቀምጫለሁ። ጥያቄዎቹ አዲስ ሠራተኞች መጥተው የሚጠይቁኝ ናቸው። መልሶቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከተሳሳትኩ በኋላ የገቡኝ ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ቀጠሮ ሲሰረዝ የሚሰረዘው ቀኑ ነው። ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ቁስሉም እዚያው አለ። ስለዚህ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አዲሱ ቀን መቼ ነው? እስከዚያስ ሰውየው በምን ይቆያል?

ታካሚው ደውሎ «ነገ አልመጣም» ሲል መጀመሪያ ምን ልበል?

«ስለደወሉ እግዜር ይስጥልኝ» በሉ። ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ሰው የሚደውለው ቁጣ እየጠበቀ ነው። አንዴ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይደውልም። ዝም ብሎ ይቀራል። ለእናንተ ደግሞ ደውሎ የቀረ ሰው ሳይደውል ከቀረው በብዙ ይሻላል።

ጥሩ ስልክ ይህን ይመስላል፦

— ሃሎ፣ ልጄ፣ የነገዋ ቀጠሮ አልሆነችልኝም።

— ስለደወሉ እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ምነው፣ ደህና ነዎት?

— እኔስ ደህና ነኝ። ጎረቤት ሞቶብን ነው። ዛሬ ነው የቀበርነው።

— እግዜር ያጽናችሁ። መድኃኒቱ ስንት ቀርቶዎታል?

— ቆይማ ልየው... ሰባት ፍሬ አለች።

— በቀን ስንቴ ነው የሚውጧት?

— ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። የዛሬ ማታዋን ገና አልዋጥኩም።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ሰባቷ ፍሬ አርብ ማታ ታልቃለች። «በሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» ብለን ብንዘጋው ኖሮ እማማ ቅዳሜና እሁድን ያለ ግፊት መድኃኒት ያሳልፉ ነበር። ሣልስቱ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ይምጡ ማለትም አይሆንም። ስለዚህ አርብ ጠዋት ተባለ። ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ንግግር ነው።

«መቼ ይመችዎታል?» ብላችሁ ክፍቱን አትተዉት። ሰው ያፍራል፣ «እናንተ እንዳላችሁ» ይላል፣ ከዚያ ይቀራል። ሁለት አማራጭ ስጡት። «አርብ ጠዋት ወይስ ሰኞ ከሰዓት?» ሲባል ሰው አንዱን ይይዛል።

ለምን እንደቀረ መጠየቅ ነውር አይሆንም?

«ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መርማሪ ያስመስላል። «ደህና ነዎት?» ካላችሁ ግን ምክንያቱ በራሱ ይመጣል። የግድ ማወቅ ባይኖርባችሁም፣ ሲመጣ ግን አራት ዓይነቱን ለይታችሁ ስሙት።

አንደኛው ገንዘብ ነው። ገንዘብ አጣሁ የሚል ሰው የለም። አንድ ታካሚ ነበረን፤ በአንድ ክረምት አክስቱ ሦስት ጊዜ ሞተችበት። እኔም ሞኝ፣ በሦስተኛው ጊዜ አልቅሼ ልቀበለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ለካስ አልትራሳውንድ ታዞለት ዋጋውን ፈርቶ ነው። ከዚያ ወዲህ የታዘዘ ምርመራ ያለበት ሰው ሲሰርዝ፣ ዋጋውን ሳልጠየቅ እነግራለሁ። ለሁለት ከፍሎ መክፈል ይቻል እንደሆነም ጨምሬ።

ሁለተኛው «ተሽሎኛል» ነው። ለጉንፋን እሰየው። ለግፊትና ለስኳር ግን መሻል በስሜት አይታወቅም። ግፊት ሳያምም ይቆያል። «ደስ ይላል፤ ግን ለክቶ ማየቱ አይጎዳምና አጭር ቀጠሮ ልያዝልዎት» በሉ። በስልክ መድኃኒት አቁሙ ወይም ቀጥሉ ማለት ግን የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ አቀብሉ።

ሦስተኛው ጸበል ነው። እዚህ አገር ሰው ጸበል ሲገባ ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ክርክር አትግጠሙ። ክርክሩን አታሸንፉም፤ ቢሸነፍም ታካሚው ይሄዳል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «እግዜር ይማርዎ። መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ፣ የሚበቃዎትን ያህል ዛሬ መጥተው ይውሰዱ። ሲመለሱ ይህን ቀን ይዤልዎታለሁ።» ብዙዎቹ ይመለሳሉ።

አራተኛው «ብሶብኝ መነሳት አቃተኝ» ነው። ይህ ስረዛ አይደለም። ደረቱን የሚያፍነው፣ አንድ ጎኑ የሰነፈበት፣ ደም የሚፈስሳት ነፍሰ ጡር፣ ጡት እምቢ ያለ ጨቅላ ካለ የቀጠሮ ደብተሩን ዝጉትና ሐኪም ጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ስልኩ አጠገብ ለጥፉት።

ሳይደውል የቀረን ታካሚ ስንት ጊዜ ልፈልገው?

ሁለቴ በስልክ፣ አንዴ በመልእክት። አንዱን ጥሪ በዚያው ቀን፣ ሌላውን በማግስቱ በሌላ ሰዓት። ጠዋት የማያነሳ ገበሬ ማታ ያነሳል። መድኃኒቱ የማይቋረጥ ከሆነ ግን በዚህ አይቆምም፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሲነሳ «ትናንት ቀርተዋል» ብላችሁ አትጀምሩ። «ስንጠብቅዎት ቀሩብን፣ ደህና ይሆኑ ብለን ነው» ይሻላል። ትርጉሙ ያው ነው፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ግን ለየቅል ነው።

ሰው ለምን ሳይደውል ይቀራል? አብዛኛው በይሉኝታ ነው። «ዶክተሩን አስቀይማለሁ» ይላል። አንዳንዱ የሞባይል ካርድ የለውም። ስለዚህ ሚስኮል ሲደርሳችሁ መልሳችሁ ደውሉ። የክሊኒኩን የአየር ሰዓት የቆጠበ ሪሴፕሽን የሐኪሙን ግማሽ ቀን ያባክናል።

እኛ ራሳችን ስንሰርዝስ? ሐኪሙ ድንገት ቢቀር?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ታካሚ ሲሰርዝ የምንጎዳው እኛ ነን። እኛ ስንሰርዝ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ መንገድ ከጀመረ በኋላ።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ያኔ በምሠራበት ክሊኒክ ሐኪሙ ማታ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ። የማግስቱን ታካሚዎች ደውዬ እንድመልስ ተነገረኝ። ደብተሩን ይዤ ደወልኩ። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ስምንቱን አገኘሁ። የዘጠነኛዋ ስም ፊት ለፊት የስልኩ ቦታ ባዶ ነው። ማን ያልጻፈው? እኔ። ስትመዘገብ ወረፋ ነበረና «በኋላ እሞላዋለሁ» ብዬ ተውኩት።

ከዘጌ በኩል ነው የመጡት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከልጃቸው ጋር ደረሱ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የደም ስኳራቸው በባዶ ሆድ እንዲለካ ተነግሯቸዋል። ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። «ዶክተሩ የሉም» ለማለት አፍሬ «ትንሽ ይጠብቁ» አልኳቸው። ሌላ ሐኪም አገኛለሁ ብዬ ነበር። 4 ሰዓት ተኩል ሆነ። ያየቻቸው የጽዳት ሠራተኛችን ናት። ነጠላቸው በላብ ርሶ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሮጣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ይዛ መጣች። ጠጡት፣ ተመለሱ፣ ሳቁም። «ልጄ፣ የለም ብትይኝ ዳቦዬን አልበላም ነበር?» አሉኝ። ዳቦዋ በጨርቅ ተጠቅልላ ዘንቢላቸው ውስጥ ነበረች።

ያ ቀን ያስተማረኝን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ የሚደወለው ጾሞ ለሚመጣው ነው። የደም ስኳር በባዶ ሆድ ለመለካት ቢያንስ 8 ሰዓት መጾም ያስፈልጋል፤ የሆድ አልትራሳውንድም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። እነዚህ ሰዎች ማታ እራት ሳያልፋቸው ይነገራቸው። ደብተሩ ላይ «ጾ» የምትል ምልክት አድርጉባቸው። ሰዎቹ ሳይሰሙ ቢመጡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ምግብ ይብሉ» ይሁን። ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣ ነው። የዘጌ፣ የደቅ ደሴት፣ የአዴት፣ የመራዊ፣ የሐሙሲት ሰው ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል። ለእሱ ጠዋት መደወል መንገድ ላይ መያዝ ማለት ነው። ከማታው 2 ሰዓት በፊት ደውሉ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠፋል ወይም ሰዉ ይተኛል። የጣና ሰው ደግሞ ጉዳዩ ይለያል። ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፤ ጀልባ ጠዋት ይመረጣል። አንዴ ተመለስ ካላችሁት የሚያድርበት ዘመድ መፈለግ ሊኖርበት ነው።

ከዚያ መድኃኒት ያለቀበት። ከዚያ የከተማው ሰው። የቀበሌ 14 ሰው ጠዋት ቢነገረውም ቢበዛ የባጃጅ ሒሳብ ነው የሚያጣው።

ምክንያቱን ስትናገሩ እውነቱን ተናገሩ፣ አጭሩን። «ዶክተሩ ነገ አይኖሩም፣ ይቅርታ።» «ማሽን ተበላሽቶ ነው» የሚባል ተረት አለ፤ አትልመዱት። ባሕር ዳር ሰፊ ትመስላለች እንጂ ሁሉ ይተዋወቃል። ሐኪሙን ኤርፖርት ያደረሰው ባለ ባጃጅ የታካሚያችሁ የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል።

ስረዛው የእኛ ከሆነ ሸክሙም የእኛ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ተራው መጀመሪያ ይሁን። የካርዱ ቀን ካለፈ በእኛ ጥፋት ነውና ድጋሚ አይከፈልበት። ይህን ደብተሩ ላይ ጻፉት፤ በዚያ ቀን ሌላ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ቢኖር ታካሚው እንደገና መጨቃጨቅ የለበትም።

ታካሚዎች በተሳሳተ ሰዓት ወይም ቀን ይመጣሉ። ጥፋቱ የማን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ነው። እንደ ቀሩ የቆጠርናቸው ሰዎች ብዙዎቹ በሌላ ሰዓት መጥተው የተመለሱ ናቸው።

ኮምፒውተሩ 9:00 ብሎ ይልካል። ለኮምፒውተሩ ጠዋት ነው። የሚያነበው ሰው ግን 9 ሰዓት ብሎ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሐኪሙ 6 ሰዓት ላይ ወጥቷል። ታካሚው «መጣሁ፣ የለም አላችሁኝ» ይላል፤ ደብተሩ «ቀረ» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። መፍትሔው አንድ ነው። ቁጥሩን ብቻውን አትተዉት፣ በእኛ አቆጣጠር ጻፉት፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ጨምሩበት። «ጠዋት 3 ሰዓት።» አለቀ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «5/3» ብሎ የቀጠሮ ካርድ ላይ መጻፍ ልማድ ነው። እኛ ኅዳር 5 ማለታችን ነው። ከውጭ አገር የመጣ ልጁ ካርዱን አይቶ ማርች ወይም ሜይ ይለዋል። የወሩን ስም ጻፉ። ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ካላችሁ ደግሞ የየትኛው ዓመት እንደሆነ እዩ። የጳጉሜ 6 ዓመት ሲያልፍ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይገፋል። የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ጥምቀቱም እንደ ወትሮው ጃንዋሪ 19 ሳይሆን 20 ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት በቀደመው ዓመት ሠንጠረዥ የሠራ ሰው ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ ሁሉን ቀጠሮ በአንድ ቀን ያዛንፋል።

የሳምንቱን ቀን መጨመር ከሁሉ ይበልጥ ይረዳል። «ማክሰኞ ጥር 19» ካላችሁና ጥር 19 ረቡዕ ከሆነ ታካሚው ራሱ ደውሎ ያርማችኋል። የአገሬው ሰው ቀኑን በቁጥር ብቻ አያስታውስም፤ «የሚካኤል ለት»፣ «የማርያም ማግስት» ይላል። ቀጠሮው 13 ከሆነ «የሚካኤል ማግስት» በሉት፤ ከነሱ ጋር ያድራል። ሙስሊም ታካሚን ደግሞ አርብ 6 ሰዓት ላይ አትቅጠሩ፤ ጁምዓ ነው፣ እንደሚቀር ታውቁታላችሁ።

የማስታወሻ መልእክት ምን ያህል ይርዘም?

አጭር። ምክንያቱም ገንዘብ ነው። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ለምሳሌ ይህ፦

«ማክሰኞ ጥር 19 ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት። ካልተመቸዎት ይደውሉ።»

ክፍተቱን ጨምሮ 44 ነው። የስልክ ቁጥራችሁ 10 ይወስዳል። የቀረው ለክሊኒኩ ስም ነው። ቁጥሩን አትርሱ፤ መልእክቱ ከአጭር ቁጥር ከተላከ መልሶ መደወል አይቻልም፣ «ይደውሉ» ያልነው ሰው የት ይደውል?

በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ርካሽ ነው ትሉ ይሆናል። ለወጣቱ ይሁን። እማማ ግን ለማስነበብ የጎረቤት ልጅ ይጠራሉ።

ቴሌግራም ጥሩ ነው፤ ግን ዳታ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። ቀጠሮውም የስልክ ቁጥሩም ወረቀት ደብተር ላይ ይኑር። መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የነገውን ሰው ዝርዝር ከየት ታመጣላችሁ?

ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳስ?

አንድ ስልክ ለአንድ ቤት የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ያነሳው ባል፣ አማት፣ ሱቅ ያለው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ስሟን ጠርታችሁ ጠይቁ። የለችም ከተባለ «ስትመጣ በዚህ ቁጥር እንድትደውል ይንገሩልኝ» ብላችሁ ዝጉ። የምን ጉዳይ እንደሆነ፣ ምን ምርመራ እንደነበራት፣ የየትኛው ሐኪም ክሊኒክ እንደሆናችሁ አትዘርዝሩ። አንዳንዴ የክሊኒኩ ስም ራሱ በሽታውን ይናገራል። የማሕፀን ሐኪም ክሊኒክ ሆናችሁ ስማችሁን ለአማቷ ከነገራችሁ ሁሉን ነገራችሁ።

ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃም ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ውስጥ ነው። ለመልእክትም ይሠራል። «የስኳር ቀጠሮዎ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ቀጠሮዎ» ይበቃል።

ሲመዘገቡ አንድ ጥያቄ ብትጨምሩ ግማሹ ጣጣ ይቀላል። «ይህን ስልክ ማን ያነሳዋል? ለእሱ ብንነግረው ችግር አለው?»

የትኛው ቀጠሮ በዋዛ አይተላለፍም?

መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚጎዳው ሁሉ። ኢንሱሊን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የግፊት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው ሊነሳ ይችላል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመሐል መዝለል በሽታውን መድኃኒት የማይበግረው ሊያደርገው ይችላል። እነዚህ ሰዎች ሐኪሙን ማየት ቢያስተላልፉም መድኃኒቱን በቀኑ ያግኙ። በስልክ ካልተገኙም ቤተሰብ ወይም የሚያውቃቸውን ሰው ፈልጉ፤ ጤና ጣቢያ የሚከታተላቸው ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታገኛቸዋለች።

ውሻ የነከሰው ሰው። ክትባቱ ከመጀመሪያው መርፌ ጀምሮ በቀን ተቆጥሮ የሚሰጥ ነው። በዓል ነው፣ መንገድ ነው አይባልም። መንገድ ከተዘጋ በአቅራቢያው ክትባቱ ያለው ተቋም ይኖር እንደሆነ ለማጣራት እናንተ ደውሉ።

የጨቅላ ክትባት 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ላይ ነው፤ የኩፍኝ 9 እና 15 ወር። ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። ካለፈ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ግን ሳይቆይ ይሰጠው። የሦስት ወሯ የወሊድ መከላከያ መርፌም በ«ሚቀጥለው ወር ይሆናል» አትታለፍም። የተሰፋ ቁስልና የወር ቁጥሯ የገፋ ነፍሰ ጡርም እዚሁ ናቸው።

ሌላውን፣ የመነጽር ልኬትም ሆነ የጥርስ እጥበት፣ እንደፈለጋችሁ አዘዋውሩት።

በየትኞቹ ቀናት ስረዛ ይበዛል?

እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ችግሩ እያወቅን መቅጠራችን ነው። ቅዳሜ የባሕር ዳር ገበያ ነው። ከገጠር የሚመጣ ሰው ግን ለገበያ ሲመጣ አብሮ መታከም ይወዳል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ለከተማው ሰው መጥፎ፣ ለገጠሩ ጥሩ ቀን ነው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፤ ከነማግስቱ ማንንም አትቅጠሩ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ እናቶች ቅዳሴው ሳያልቅ አይገኙም። በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው አዝመራ ላይ ነው። ለእሱ የስድስት ሳምንት መድኃኒት ሰጥቶ ከአዝመራ በኋላ መቅጠር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሪፈር የተጻፈላቸውንም አስቡ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው በዚያው ቀን ወደ እናንተ አይመጣም፤ መምጣትም የለበትም። «በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ቀጠሮ አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ።

የተለቀቀውን ሰዓት ማንን ላስገባበት?

በግማሽ ሰዓት ውስጥ መድረስ የሚችለውን። የተጠባባቂ ዝርዝር ስትይዙ ከስሙ አጠገብ ሰፈሩን ጻፉ። ዓባይ ማዶ ያለ ሰውና ቀበሌ 13 ያለ ሰው እኩል አይደሉም። ዘግይቶ የተለቀቀ ሰዓት ግን ባይሞላም አይቆጭም። ሐኪሙ ሻይ ይጠጣበት፤ የከሰዓቱ ታካሚ ትዕግሥት ያገኛል።

የቀረ ሰው ይቀጣ? ቀብድ ይያዝ?

ለተራ ምርመራ አይ። ቅጣት የሚያርቀው ቀሪውን አይደለም፣ ድሃውን ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ ዕቃ ለሚታዘዝለት ሥራ፣ ለምሳሌ ለሰው ሠራሽ ጥርስ፣ በቴሌብር ቀብድ መቀበል ያስኬዳል፤ መመለስ አለመመለሱ ግን አስቀድሞ ተጽፎ ይሰጠው።

ደጋግሞ የሚሰርዝ ታካሚ አለን። እንተወው?

ሦስቴ ከሰረዘ ሰዓቱ አልተስማማውም ማለት ነው። የባጃጅ ሹፌር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራው ላይ ነው። ተማሪ ፈተና አለበት። ሰዓት ሳይሆን ቀን ስጡት፦ «ሐሙስ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ባለው ውስጥ ሲመቸዎት ይምጡ፣ ወረፋ ጠብቀው ይገባሉ።» ይህንንም ካልቻለ ሐኪሙ ራሱ ይደውልለት። የሐኪም ስልክ የሚያነሳ ሰው ይመጣል። ያልመጣ አላየሁም ማለት ይከብደኛል፤ ሁለት አይቻለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ማን ያንሳ?

አንድ ሰው። ከ6 ሰዓት እስከ 7 ተኩል ስልኩ ብቻውን መቅረት የለበትም። ሠራተኛው ከቢሮ የሚወጣው፣ ተማሪው የሚፈታው፣ ነጋዴው ትንፋሽ የሚያገኘው ያኔ ነው፤ የሚሰርዝ ሰው የሚደውለውም ያኔ ነው። እኛ ቤት ተራ አለን። ተረኛዋ ምሳዋን ይዛ ስልኩ አጠገብ ትበላለች፤ እጇ ወጥ ከሆነ ስፒከሩን በክርኗ ትጫነዋለች። ያኔ ግን ጆሮ የሚሰጥ ሰው አጠገቧ እንዳይቀመጥ።